ለእግዚአብሔር መገዛት በተግባር፦ ሥልጣኑን ተቀብሎ ፍቅሩን መሸሽ ይቻላል?

ወለተ ሐና (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለወጣቶች ክፍል «ለእግዚአብሔር መገዛት» የሚል የአራት ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀን ነው። ጥቅሱ አልቸገረንም፤ ያዕ 4፥7ን ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። የቸገረን ከጥቅሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ወጣቱ ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ ምን ያድርግ?

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንዱ እግዚአብሔርን ስሕተት ፈላጊ አለቃ አድርጎ ስለሚያይ ሲጾምም ሲሰግድም ተጨንቆ ነው። ሌላው «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የምትለዋን ይዞ ትእዛዙን ቢፈጽመውም ባይፈጽመውም ግድ የሌለው ይመስለዋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ጉባኤ እንዴት ታስተምራላችሁ? እባካችሁ ተግባራዊ የሆነውን ስጡን። ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ጋ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ።

መቅረዝ

እህቴ፣ «በመጀመሪያው ሳምንት ሥልጣን፣ በሁለተኛው ፍቅር» ብላችሁ እንዳትከፍሉት። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ አንደኛውን ሳምንት ይዞ፣ ሁለተኛው ልጅ ሁለተኛውን ይዞ ቤቱ ይሄዳል።

ትንቢተ ዮናስን ውሰዱ። አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ጉባኤ ተነቦ ያልቃል። በምዕራፍ 1 ዮናስ ከሥልጣኑ ሸሸ፤ ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። በምዕራፍ 3 ታዘዘ፤ ሄዶም ሰበከ። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ዋናው ነገር ግን ምዕራፍ 4 ላይ ነው። የታዘዘው ነቢይ ከተማይቱ ስለዳነች ተቆጣ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ቸርና ይቅር ባይ መሆንህን አስቀድሜ ስላወቅሁ ነው የሸሸሁት አለ። እግሩ ነነዌ ገብቷል፣ አፉ የተላከበትን ተናግሯል፣ ልቡ ግን ለእግዚአብሔር ምሕረት አልተገዛም። ሦስቱን ቀን ጾመ ነነዌን በየዓመቱ የምንጾም ሰዎች ስለ ዓሣ አንበሪው ተናግረን ምዕራፍ 4ን ስናልፈው ያሳዝናል።

ሉቃ 15ም እንደዚሁ ነው። ታላቁ ልጅ «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ይላል። ልብ በሉ፣ አልዋሸም። አንዲት ትእዛዝ አልተላለፈም፤ ቢሆንም አባቱ ያረደውን ፍሪዳ ሊበላ አልገባም። ስለዚህ ርእሱ ላይ ላስቀመጥሽው ጥያቄ መልሴ አዎን ነው፤ ሥልጣኑን ተቀብሎ ፍቅሩን መሸሽ ይቻላል፤ ደግሞም ከቤተ ክርስቲያን የማንርቀውን ሰዎች ይበልጥ የሚፈትነን ይህኛው ነው።

አበው የሚያገለግሉትን በሦስት ይመድቧቸዋል። ባሪያ ቅጣት ፈርቶ፣ ምንደኛ ደመወዙን አስቦ፣ ልጅ አባቱን ወድዶ። ለወጣቶቹ ስታስተምሩ የመጀመሪያውን አታንቋሹባቸው። ፈርቶ ከኃጢአት የተመለሰ ሰው ተመልሷል። ችግሩ በ20 ዓመቱ የነበረበት ቦታ ላይ በ50 ዓመቱም ሲገኝ ነው።

ቀሲስ ዘገጠር

ልጄ ወለተ ሐና፣ መቅረዝ የልቡን ተናግሯል፤ እኔ የሥርዓቱን ልጨምር።

ለጀማሪ ወጣት የሚበቃው ይህ ነው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅ ቆሞ፣ በስመ አብ ብሎ ያማትባል። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ መዝሙር ቢጨምር መልካም ነው። ሳይሮጥ ካደረሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማታ ከመተኛቱ በፊት አቡነ ዘበሰማያትን ደግሞ፣ ውሎውን 5 ደቂቃ መርምሮ ይተኛ። ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ይጹም። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማለትም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊትን ይወቃቸው፤ ሁሉንም ዛሬውኑ ካልጀመርሁ ግን አይበል። በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ሥራ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ባለበት ሆኖ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ቢል ይበቃዋል።

አሁን መገዛት የሚለው ነገር የት እንዳለ ልንገርሽ። አቡነ ዘበሰማያት ሰባት ልመና አለው። ሦስቱ ስለ እርሱ ናቸው፤ ስሙ፣ መንግሥቱ፣ ፈቃዱ። እንጀራችን የሚመጣው አራተኛ ሆኖ ነው። ልጆቹ «ወይኩን ፈቃድከ» (ፈቃድህ ይሁን) ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ፤ በዚያ ቀን የራሳቸውን ፈቃድ የሚይዙበትን አንድ ነገር በስሙ ይጥሩት። ከወንድሜ ጋር ያለብኝ ጠብ፣ ስልክ ይዤ የማድረው ሌሊት፣ የምዋሸው ዋጋ። ስም ያልተሰጠው ነገር አይገዛም። ይህን ሳያደርግ 20 ጊዜ ቢደግመውም ፈቃዱ እንዳለች ናት።

ዘነግህ

ቀሲስ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። «ሁሉንም ዛሬውኑ ካልጀመርሁ አይበል» ያሉትን ላስፋፋው፤ ብዙ ወጣት የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ጉባኤ ላይ ልቡ የተነካ ልጅ በማግስቱ በቀን 300 ስግደት ይጀምራል፣ መዝሙረ ዳዊትን በሳምንት ለመጨረስ ይነሣል፣ እስከ ምሽት ይጾማል። የሚያውቀው የመነኮሳቱን ገድል ስለሆነ በዚያ መጠን ይለካል። በገዳም ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዲስ ገቢው በመጀመሪያ ረድእ ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አባቶችን ያገለግላል። የምንኩስና ደረጃ የሆኑት ቆብም አስኬማም የሚመጡት በየጊዜያቸው፣ በአበምኔቱ ፈቃድ ነው። ትጋቱ ሁሉ በሌላ ሰው ዓይን ሥር የሚያድግ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ልጅ ትጋቱን ወስዶ ዓይኑን ትቶታል። ራሱ ያወጀውን ሕግ ራሱ ሲፈጽም ለእግዚአብሔር የተገዛ ይመስለዋል፤ የተገዛው ለገዛ ፈቃዱ ነው።

ምልክቱ ይታወቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ደስታ፣ በሁለተኛው የማይጾሙትን መናቅ፣ በሦስተኛው ድካም፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀን መጣል። ከጣለ በኋላ የሚመጣው ኀፍረት ከቤተ ክርስቲያን ያርቀዋል። ስለዚህ ለክፍሉ ይህን ስጡ፦ ስግደት ለጀመረ ሰው 12 ይበቃዋል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ። 40 ቀን ሳያቋርጥ ከያዘው፣ የንስሐ አባቱን ጠይቆ በ41 ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን) ያድርገው። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው አስተብርኮን ወይም አድንኖን ይያዝ፤ ተንበርክኮ ወይም ራሱን ዝቅ አድርጎ። በእሑድ፣ በበዓለ ሃምሳ እና ከቆረቡ በኋላ የንስሐ ስግደት እንደሌለም ንገሯቸው። በእነዚህ ቀናት አለመስገድ ራሱ መታዘዝ ነው፤ ለትጉሁ ልጅ ደግሞ ከመስገዱ ይልቅ ይህኛው ይከብደዋል።

የምሥራች

እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ ከተፈቀደልኝ አንድ ሐሳብ ላክል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ሲደረደር ወጣቱ «ይህን ካደረግሁ ይወድደኛል» ብሎ እንዳይሰማው እሰጋለሁ። ሮሜ 12፥1 መገዛትን የሚጀምረው «በእግዚአብሔር ርኅራኄ» ብሎ ነው፤ ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስለተደረገልን ነገር ተናግሯል። ሰውነታችሁን አቅርቡ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መታዘዝ ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

በእኛ ዘንድ የሚሠራበትን የንባብ መንገድ ልንገራችሁ፤ ለየትኛውም ክፍል ይሆናል። ከወንጌል አንድ አጭር ክፍል፣ ከ10 ቁጥር ያልበለጠ። ሁለት ጊዜ ይነበብ። ከዚያ በደብተር ላይ ሦስት መስመር፦ እዚህ ላይ እግዚአብሔር ማን ነው? ምን አድርጓል? ዛሬ ምን እንዳደርግ ያዝዘኛል? ሦስተኛው መስመር ላይ ቀንና ሰው የሌለበት መልስ አይጻፍ። «ሰዎችን መውደድ አለብኝ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ያኮረፍኋትን እኅቴን ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ» ይባል። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ከአንድ ታማኝ ወዳጅ ጋር ያዩታል። በብዛት የሚበላሸው ሰዉ ወደ ሦስተኛው መስመር ሲቸኩል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የዘለለ ሰው በወሩ መጨረሻ ረጅም የትእዛዝ ዝርዝር ይይዛል፤ ያዘዘውን ግን አያውቀውም።

መቅረዝ

ወንድሜ የምሥራች፣ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ አንለያይም። 1ዮሐ 4፥19 «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና» ይላል። አዳም ገነትን፣ እስራኤልም ከግብፅ መውጣትን ያገኙት ትእዛዝ ከመቀበላቸው በፊት ነው። ዘፀ 20 ራሱ «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ግን አንድ ነገር ልበል። ሥርዓት ያለው ሰው ሁሉ ለመወደድ የሚደክም አይደለም። የሚወድድ ሰው ጊዜ ይመድባል። ዮሐ 14፥15 «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ሲል ፍቅርንና ትእዛዝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሰረው ጌታ ራሱ ነው፤ ሁለቱን ለመለያየት የምንደክመው እኛ ነን።

ወለተ ሐና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ሁሉ እየጻፍሁት ነው። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ። «ሥራ ልቀይር? ላግባት? ልሰደድ? የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ሕልም የሚጠብቁ አሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ዓይናቸውን ጨፍነው ገልጠው የወጣውን ጥቅስ እንደ መልስ የሚወስዱም አሉ።

ሚዛን

ለዚህ ቅደም ተከተል አለው፤ ሰው የሚሳሳተው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው።

በመጀመሪያ ትእዛዙን እይ። የአዲሱ ሥራ ደመወዝ እጥፍ ሆኖ ሐሰተኛ ደረሰኝ መቁረጥ ካለበት ሱባኤ መግባት አያስፈልግም፤ መልሱ በዘፀ 20 ተሰጥቷል። በግልጽ በተከለከለ ነገር ላይ «ፈቃድህን ግለጽልኝ» ብሎ መጸለይ በለዓም ያደረገው ነው። አትሂድ ተብሎ ሳለ ሁለተኛ ሊጠይቅ አደረ፤ ዘኍ 22ን አንብቡት። ቀጥሎ አሁን በእጅህ ያለውን ግዴታ እይ። የታመመች እናት፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ለሰው የገባኸው ቃል አለ? ከዚያ ምክር ጠይቅ፤ አንዱን የንስሐ አባትህን፣ አንዱን ጉዳዩን በሙያ የሚያውቅ ሰው። ስለ ስደት የምትጠይቀው ሰው የሥራ ውሉን ማንበብ የሚችል ይሁን። ጸሎቱን ደግሞ ገደብ ስጠው፤ አንድ ሱባኤ፣ ማለትም 7 ቀን። በእነዚህ ቀናት «ይህን ስጠኝ» ሳይሆን ጌታ በጌቴሴማኒ እንዳለው ለምን፦ ፍላጎትህን ሳትደብቅ ተናገር፣ ከዚያ «አንተ እንደምትወድ ይሁን» በል። ክርስቶስ ጽዋው ይለፍ ብሎ መለመኑን ልጆቹ ልብ ይበሉት፤ መገዛት ምንም አልፈልግም ማለት አይደለም። ያንኑ ጸሎት ሦስት ጊዜ ደግሞታል።

ሱባኤው ሲያልቅ ወስን፣ ሂድም። በሁለት የተፈቀዱ ነገሮች መካከል ስትመርጥ እግዚአብሔር ወጥመድ አልዘረጋልህም፤ አባት ነው። ከእርሱ ዘንድ የተሰወረች አንዲት ትክክለኛ መንገድ አለች፣ እርስዋን ካጣሁ ጠፋሁ እያለ ዓመት ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትሑት ይመስላል፤ ሥልጣኑን አምኖ ፍቅሩን ግን ተጠራጥሯል።

ስለ ሕልም፦ ትእዛዙን የሚቃወም ሕልም አይሰማም፤ የሚስማማም ቢሆን ለንስሐ አባት ሳይነገር አይሠራበትም። መጽሐፍን በዘፈቀደ መግለጥ ይቅር፤ ያ ዕጣ መጣል እንጂ ማንበብ አይደለም።

ከዓረብ ምድር

አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶች አሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይፈቀድላቸውም፣ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት ያለበትን ከመብላት ሌላ ምርጫ የሌላቸውም አሉ፣ ማዕተባቸውን የሚያስወልቋቸውም አሉ። «ሥርዓቱን ካላደረስሁ ተገዝቻለሁ ይባላል ወይ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ቀሲስ፣ ምን ይሏቸዋል?

ቀሲስ ዘገጠር

እነዚህ ልጆቼ አይጨነቁ። ጾም ለፈቃድ የተሠራ እንጂ ለማስገደድ የተሠራ አይደለም፤ ታማሚዋ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሌላ ምግብ የማታገኘው እንደ አቅማቸው ነው። የቀረበላት አንድ ብቻ ከሆነ ጥቂት አጉድላ ትብላ፣ በልቧም «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ትበል። ሥራዋን እየሠራች የምታውቀውን መዝሙር በልቧ ትበል። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ስማቸው እንኳ ተቀይሮ ነበር፤ እግዚአብሔርን ግን ማንም አልቀየረባቸውም። ማዕተቡ ቢወልቅ ጥምቀቷ አይወልቅም።

ከንስሐ አባቷ ጋር በስልክ መመካከር ትችላለች። ኑዛዜውና ፍትሐቱ ግን ከካህን ፊት ቀርባ ሲሆን ነው የሚሟላው፤ ወደ አገር ስትመለስ ወይም ቤተ ክርስቲያን ባለበት ከተማ ዕድል ስታገኝ ትፈጽመው። አሠሪዋ ቢደበድባት ወይም ሊደፍራት ቢሞክር «ተገዢ ተብያለሁ» ብላ እንዳትቀመጥ። በፍጥነት ትውጣ፣ እርዳታም ትጠይቅ።

ወለተ ሐና

ቀሲስ በመጨረሻ ያነሡት እኛም ጋ አለ። «ተገዙ» የሚለው ቃል በሰው ላይ ለመጫኛ ሲውል ልጆቹን ምን እንበላቸው?

ዘነግህ

በትምህርታችሁ አንድ ሙሉ ጉባኤ ስጡት፤ በዚህ ጉዳይ ዝም የሚል ትምህርት ሰው ይጎዳል።

ኤፌ 5፥22 በተነበበ ቁጥር 21ም 25ም ይነበብ። 21 እርስ በርስ ተገዙ ይላል፤ 25 ባልን ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ውደድ ይለዋል። ሚስቱን የሚመታ ሰው በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የሚቆምበት መስመር የለውም። ካህንም፣ አጥማቂም፣ ነቢይ ነኝ ባይም ቢሆን 1ጴጥ 5፥3 መንጋውን በኃይል እንዳይገዛ ይከለክለዋል። ልጆቹ የሚጠነቀቁበትን በግልጽ ንገሯቸው፦ ለጸሎት ዋጋ የሚጠይቅ፣ «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል፣ ከቤተሰብና ከንስሐ አባት የሚለይ፣ ለብቻ ክፍል ውስጥ ካልሆነ የማይጸልይ፣ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት የሚያስቆም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ መሄድ ነው።

በታሪካችንም ምስክር አለን። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩን በዚያ ሊያስኬዱ ሲነሡ፣ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ ወጣች፤ ተጋዘች፣ አልተመለሰችም። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሐዋ 5፥29 ላይ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለው በአገራችን የተኖረ ቃል ነው።

የሰንበት ተማሪ

እኔ ከማስታወሻችሁ አንድ ነገር እንዳይቀር ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ። ማቴ 18 ላይ ያ ባሪያ እልፍ መክሊት ተትቶለት የባልንጀራውን መቶ ዲናር አልተወም። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ክፍያ ነበር፤ ስለዚህ መቶ ዲናር ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ከሦስት ወር ያለፈ የሥራ ድካም ነው። የተበደልነው እውነተኛ ነው ማለት ነው። ጌታ «ምንም አይደለም» አላለም፤ ከተተወልን አጠገብ አስቀምጡት ነው ያለው።

ለልጆቹ በተግባር እንዲህ ቢሰጥ፦ የበደለህን ሰው በደል በወረቀት ጻፍ፣ አታሳንሰው። በእያንዳንዱ መስመር አንጻር አንተ የተተወልህን አንድ ነገር ጻፍ። ከዚያ ስለዚያ ሰው በስሙ ለ7 ቀን ጸልይ፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ስሜት ቢሆንም። ሰውየው አደገኛ ከሆነ ይቅር ማለት ተመልሶ አብሮ መኖር እንዳልሆነ ይጨመርበት። ዮናስ ያቃተው ይህኛው ነበር።

ወለተ ሐና

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቀሲስ። ልጁ ይህን ሁሉ ጀምሮ ሲወድቅስ? ንስሐውን እንዴት ይቅረብ? ብዙዎቹ ፈርተው ዓመት ያሳልፋሉ።

ቀሲስ ዘገጠር

የመጀመሪያውን ልጅና የሁለተኛውን ልጅ የምትለዪው በዚህ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ይደበቃል፣ ሌላው ሲወድቅ አይቆጥረውም። ሁለቱንም ወደ አንድ በር እንመራቸዋለን።

ከመምጣቱ በፊት በአንድ ምሽት ራሱን ይመርምር። ዘፀ 20ን፣ የማቴ 5ን ስድስቱን «እኔ ግን እላችኋለሁ»፣ የማቴ 25ንም ስድስት ነገሮች ይዞ፤ የራበው፣ የጠማው፣ እንግዳው፣ የታረዘው፣ የታመመው፣ የታሰረው። የመጨረሻው ዝርዝር ያላደረግሁት ምንድን ነው ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው ያደረገውን ብቻ ነው የሚናዘዘው። ማስታወሻ ከያዘ ከተናዘዘ በኋላ ያቃጥለው።

ሲናዘዝ ኃጢአቱን በስሙ ይጥራ፤ ታሪኩን አያርዝም። የሌላ ሰው ስም አያንሣ፤ የባልንጀራውን ኃጢአት ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ጓደኞቼ ናቸው» አይበል። ሳኦል በ1ሳሙ 15 ሕዝቡን ነበር ያመካኘው፤ ምርጡን በግ ለይቶ ያስቀረውም ለመሥዋዕት ነው ብሎ ነበር። አንዱን ኃጢአት አስቀርቶ ሌላውን መናገር ያው ነው። የሰረቀ ከሆነ መመለሱን ያስብ፤ ያስቀየመ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቅ። ቀኖናው ቢከብደው የቀለለ የሚሰጥ ሌላ አባት ፍለጋ አይሂድ።

ካህኑ የሚሰጠው ቀኖና ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ሲቀበል ጤናውንና የሥራውን ሁኔታ አስቀድሞ ይንገር፤ ስኳር ያለበት ሰው ካልነገረኝ የማይችለውን አዝዝበታለሁ። በመካከል ቢያቋርጠው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ራሱ አይፈርድ፤ ስንተኛው ቀን ላይ እንደቆመ ነግሮኝ ከዚያው እንቀጥላለን።